ዓለም አቀፍ የቅርስ ጥበቃ የሥራ ካምፕ ምንድን ነው?

«የሥራ ካምፕ» ሲባል ጅማ ላይ ብዙ ሰው የሚታየው የመንገድ ሥራ ተቋራጭ ከከተማ ወጣ ብሎ የሚተክለው የቆርቆሮ ሰፈር ነው። ይሄኛው ሌላ ነው። ከተለያየ አገር የመጡ ከ10 እስከ 20 የሚሆኑ ሰዎች ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት አንድ ላይ እያደሩና በተራ እያበሰሉ፣ ያለ ደመወዝ አንድ የተወሰነ ሥራ ይሠራሉ። ሥራው የቆየ ሕንፃን ወይም ታሪካዊ ስፍራን መንከባከብ ሲሆን የቅርስ ካምፕ ይባላል። ደቦ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ከወንፈል የሚለየው ግን ጉልበቱ ብድር የሌለበት መሆኑ ነው፤ የካምፕ ሰው ሠርቶ ይሄዳል፣ ማንም ተራውን አይመልስለትም።

አጀማመሩ ከቅርስ ጋር አይገናኝም። እ.ኤ.አ. በ1920 ስዊዘርላንዳዊው ፒየር ሴሬዞል፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፈረንሳይ ውስጥ ቨርደን አጠገብ የፈረሰች መንደርን ለመጠገን ትናንት ጠላት ከነበሩ አገሮች ሰዎችን ሰበሰበ። ዩኔስኮ በበኩሉ የዓለም ቅርስ በጎ ፈቃደኞች የተባለውን መርሐ ግብር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው።

አሠራሩ በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው። ሥራው በቀን ከአምስት እስከ ሰባት ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን ነው። ማደሪያና ምግብ ካምፑን ከሚያስተናግደው ተቀባይ ድርጅት፣ ትራንስፖርትና ቪዛ ከተሳታፊው። መኝታው ብዙ ጊዜ የትምህርት ቤት ክፍል ወለል ላይ የተዘረጋ ፍራሽ ነውና ሆቴል የሚጠብቅ ሰው ባይመጣ ይሻላል። ዕድሜ አብዛኛውን ጊዜ 18 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ሙያ አይጠየቅም። ችግሩም ጥቅሙም ያለው እዚህ ላይ ነው፦ የመጣው ሰው ጉልበትና ጊዜ እንጂ እጁ ላይ ሙያ የለውም። ስለዚህ የትኛው ሥራ ለበጎ ፈቃደኛ፣ የትኛው ለባለሙያ እንደሆነ አስቀድሞ ያልለየ አዘጋጅ ቅርሱን ይጎዳዋል።

ከጅማ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን፣ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የነገሡትን የዳግማዊ አባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት የመሰለ የእንጨትና የጭቃ ሕንፃ እናስብ። እንዲህ ያለውን ቤት የሚያፈርሰው ከሁሉ በፊት ውሃ ነው፤ ምስጥም የሚከተለው እርጥበቱን ነው። ስለዚህ ለበጎ ፈቃደኛ የመጀመሪያው ሥራ የቤቱን ዙሪያ ቦይ መጥረግ፣ አሸንዳ ላይ የተከማቸ ቅጠል ማውጣት፣ ግድግዳ ሥር የተጠጋ አፈርና ሣር ማራቅ ነው። ፎቶ ላይ አያምርም፤ ግን ከማንኛውም ልስን ይልቅ ቤቱን የሚያቆየው ይኸው ነው።

ቀጥሎ ምርጊት ይመጣል። የጅማ ቀይ አፈር ሸክላነቱ ስለሚበዛ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ የጠርሙስ ሲሶ ያህል አፈር ጨምሮ በውሃ ሞልቶ መበጥበጥና ማስቀመጥ። አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል፤ ሸክላው ሙሉ ቀን ይፈልጋል፤ በማግስቱ የንብርብሩን ውፍረት ማነጻጸር ነው። ከዚያ የመዳፍ ስፋት ያለው ናሙና ግድግዳው ላይ መርጎ ማድረቅ ይከተላል። ከተሰነጠቀ ጭድ ወይም አሸዋ ይጨመራል፤ በጣት ሲነካ ከረገፈ ደግሞ ሸክላው አንሷል ማለት ነው።

ጭቃው በጤፍ ጭድ ተረግጦ ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ በየሁለት ቀኑ እየተገላበጠ ይቦካል። ሲደርስ ጭዱ ይለሰልሳል፣ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ሽታው ይከረፋል። ሽታውን የማያውቅ እንግዳ የተበላሸ መስሎት ሊደፋው ስለሚችል አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። እዚህ ላይ የተለመደው ስህተት ጭቃውን ካምፑ በተከፈተበት ቀን መጀመር ነው። ሁለት ሳምንት ብቻ የሚቆይ ካምፕ አንዱን ሳምንት ጭቃ ሲጠብቅ ያሳልፋል፤ ወይም ደግሞ ይቸኩልና ያልቦካ ጭቃ ይመርጋል። መጠኑን ለማስላት፣ በ2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ 20 ሊትር ማለትም አንድ ጀሪካን ጭቃ ይበላል። 30 ካሬ ሜትር ግድግዳ 30 ጀሪካን ነው፤ ጀማሪ እጅ መሬት ላይ የሚያንጠባጥበው ሲታሰብ 40 ማዘጋጀት ነው።

ሲመረግ አሮጌው ግድግዳ አቧራው ተጠርጎ በውሃ ይረጫል። ደረቅ ግድግዳ የአዲሱን ጭቃ ውሃ መጥጦ ይወስድና ምርጊቱ እንደ ቅርፊት ይላቀቃል። አንድ ጊዜ ወፍራም ከመለጠፍ ሁለት ጊዜ ስስ አድርጎ መምረግ ይሻላል። ሲሚንቶ ግን አይነካም፤ ጠንካራ ስለሆነ ከጭቃው ጋር አብሮ አይላወስም፣ እርጥበቱንም ውስጥ ይዘጋዋል፣ ከሥሩ ያለው ማገርና ቋሚ ሳይታይ ይበሰብሳል። የተቀረጸ እንጨት፣ በረንዳና ጣሪያ ለባለሙያ ብቻ ነው። በጎ ፈቃደኛ እንጨት በሽቦ ብሩሽ ሲፍቅ ከታየ ማስቆም ነው።

ወቅቱም ራስ ምታት ነው። ከአውሮፓ የሚመጣ ተማሪ ዕረፍት የሚያገኘው ሐምሌና ነሐሴ፣ ጅማ ዝናብ በሚወርድባት ሰሞን ነው፤ ያኔ የተመረገ ጭቃ አይደርቅም። ምርጊት ለጥርና ለየካቲት ቢቀር ጥሩ ነው። ክረምት ላይ ካምፕ የግድ ከሆነ ውስጥ ውስጡን መለካት፣ ፎቶ ማንሳት፣ ስንጥቆችን ቁጥር እየሰጡ መመዝገብ፣ ዝናቡ ራሱ የሚያሳየውን የውሃ መንገድ እያዩ ቦይ መቅደድ ይቻላል።

ፈቃድ ሌላው ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ ጥገና ሥራ የአገሪቱ የቅርስ ባለሥልጣን አስቀድሞ ሳይፈቅድ አይጀመርም። የአካባቢው ጭቃ መራጊዎችና አናጢዎች ደግሞ የቀን ሒሳባቸው ሊታሰብላቸው ይገባል። መሪዎቹ እነሱ ናቸው፤ በነፃ ጉልበት ስም የእነሱን እንጀራ የሚዘጋ ካምፕ ባይዘጋጅ ይሻላል።

ከጅማ ተነስቶ ውጭ አገር ካምፕ መሄድ የሚፈልግ ሰው የሚመዘገበው ብዙውን ጊዜ በአገር ቤት ባለ ላኪ ድርጅት በኩል ነው፤ እሱ ከተቀባዩ ጋር ይጻጻፋል። የጥሪ ደብዳቤ ቪዛ አይደለም፤ ኤምባሲው ሊከለክል ይችላል። «ክፈልና ቪዛውን እኛ እናወጣለን፣ እዚያ ሥራ ታገኛለህ» የሚል ሰው ካጋጠመ የሚሸጠው ካምፕ አይደለም።

የካምፑ የመጨረሻ ሁለት ቀን ለአዲስ ሥራ አይውልም። አካፋው፣ ባሬላው፣ የግንበኛ ማንኪያው ታጥቦ ይቆጠራል። አፈሩ ከየት እንደመጣ፣ ስንት ጀሪካን ጭቃ ስንት ጭድ እንደገባበት፣ የትኛው ግድግዳ በምን ቀን እንደተመረገ ይጻፍና ለቤቱ ጠባቂ ይሰጣል፤ ግንቦት ላይ ቦዩን የሚጠርገው ሰው ስምም ከዚሁ ወረቀት ላይ ይሰፍራል።