የጎማ ናይትሮጅን ምንድን ነው?

ጎማ ንፋስ ልታስሞሉ ጎራ ስትሉ፣ አንዳንድ ጎሚስታ ቤት «ተራውን ንፋስ ነው ወይስ ናይትሮጅን?» ብለው ይጠይቃሉ። ናይትሮጅኑ ዋጋው ከፍ ይላል። ታዲያ ምን ተገዛ?

የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። 21 በመቶ ገደማው ኦክስጅን ሲሆን፣ የቀረችው ትንሽ አርጎንና ሌሎች ጋዞች ናቸው። ስለዚህ በኮምፕሬሰር ወይም በእግር ፓምፕ የተሞላ ጎማም አብዛኛው ናይትሮጅን ነው። «ናይትሮጅን ተሞላ» ሲባል ኦክስጅኑና እርጥበቱ በአብዛኛው ተለይቶ ወጥቷል ማለት ነው።

ይህ ነገር በእርግጥ የሕይወትና የሞት ጉዳይ የሆነው አውሮፕላን ላይ ነው። አውሮፕላን ሲያርፍ ፍሬኑ እጅግ ይግላል፤ ሙቀቱም ወደ ጎማው ይሻገራል። ውስጥ ኦክስጅን ካለ፣ ከጋለው ጎማ ከሚወጣው ተን ጋር ተቀጣጥሎ ሊፈነዳ ይችላል። መጋቢት 1986 እ.ኤ.አ. ከሜክሲኮ ሲቲ የተነሳ ቦይንግ 727 ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ጎማው በናይትሮጅን ፈንታ ተራ አየር ተሞልቶ ነበር። ፍሬኑ ግሎ ጎማው አየር ላይ ፈነዳ፣ የነዳጅና የሃይድሮሊክ መስመሮችን በጠሰ፤ የ167 ሰዎች ሕይወት አለፈ። ዛሬ በአሜሪካ ሕግ በትልልቅ አውሮፕላኖች ፍሬን ያለው ጎማ ውስጥ ኦክስጅን ከ5 በመቶ መብለጥ የለበትም።

የቤት መኪና ግን እዚያ አይደርስም። ጥቅሙ ሁለት ነው፦ ደረቅ ስለሆነ ቸርኬውን ከውስጥ አያዝግም፣ ኦክስጅን ደግሞ በላስቲኩ ውስጥ ቶሎ ሾልኮ ስለሚወጣ ናይትሮጅኑ ትንሽ ቀስ ብሎ ይጎድላል። «ናይትሮጅን በሙቀት አይለወጥም» የሚባለው ግን ልክ አይደለም። ሁለቱም ሲሞቁ እኩል ያብጣሉ፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ግፊቱ ከ1 እስከ 2 ፒ ኤስ አይ (የጎማ ንፋስ የሚለካበት አሃድ) ከፍ ይላል። በነጻ ካገኛችሁት ሙሉ፤ ለእሱ ብላችሁ ግን ብዙ አትክፈሉ።

ከጋዙ ዓይነት ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ልኩ ነው። መለኪያው የሚያነበው በጎማው ውስጥና በውጭው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች የውጭው አየር ስስ ነው። እዚህ 32 የተሞላ ጎማ፣ ሙቀቱ ባይለወጥ፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ 28 ተኩል ገደማ ያነባል። የቆላው ሙቀት ግን አብዛኛውን ይመልሰዋል። ረጅም መንገድ ነድታችሁ የጋለ ጎማ ላይ ለክታችሁ «በዛ» ብላችሁ አታስተንፍሱት፤ ሲቀዘቅዝ ጎድሎ ታገኙታላችሁ። ጠዋት ሳትነዱ ለኩ። ትክክለኛው ቁጥር የሾፌሩ በር ሲከፈት የሚታየው ተለጣፊ ወረቀት ላይ ተጽፏል። ጎማው ጎን ላይ የታተመው የመጨረሻው ጣሪያ እንጂ የሚሞላው ልክ አይደለም።

ናይትሮጅን አስሞልታችሁ መንገድ ላይ ከጎደለባችሁም ተራውን ንፋስ ጨምሩበት። ቢደባለቅ ምንም አይሆንም።