ግራንት ምንድን ነው? ለመርሳት በሽታ ታማሚዎች ድጋፍ ለሚፈልጉ ማኅበራት

«ግራንት ሞልቷል፤ የጠፋው የሚጽፍ ሰው ነው።» በዋሽንግተን ዙሪያ ባለው የሐበሻ ማኅበረሰብ ስለ አረጋውያን በተነሳ ቁጥር ይህን አባባል እሰማለሁ። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ ስለ መርሳት በሽታ ሲወራ አጥብቀው ተከራከሩበት። መንግሥት ለአልዛይመር በየዓመቱ ቢሊዮን ዶላሮች ያወጣል፤ ታዲያ የኛ ማኅበራት ድርሻቸውን ለምን አይወስዱም ነው ነገሩ። እሳቸው በቅንነት እንደተናገሩ አልጠራጠርም። ግን ሰው ሰምቶ ይከተላል። ቤት ይከራያል። የቀን ማዕከል እንከፍታለን ብሎ ለቤተሰብ ቃል ይገባል። ከዚያ ገንዘቡ አይመጣም። የሚጎዱት ቃል የተገባላቸው እናቶችና አባቶች ናቸው። ሌት ተቀን የሚያስታምሟቸው ልጆችም አብረው ይጎዳሉ።

ግራንት ማለት ሰጪው አካል እንዲሠራለት የሚፈልገውን ሥራ እንድትሠሩ በውል የሚሰጣችሁ ገንዘብ ነው። መልሳችሁ ስለማትከፍሉት ብድር አይደለም። እንደፈለጋችሁ ስለማታደርጉት ደግሞ ስጦታ አይባልም። ታስሮ ነው የሚመጣው፤ ለዚህ ሥራ፣ ለእነዚህ ሰዎች፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ፣ በዚህ በጀት ተብሎ። ምዝገባውን፣ ቦርዱን፣ 501ሲ3 የሚባለውን ከግብር ነፃ የበጎ አድራጎት ድርጅት መሆንን የሚያረጋግጥ ወረቀት እዚህ አላነሳም። እሱ ከሌላችሁ ስለ ግራንት ማውራትም ገና ነው።

አገር ቤት ዘር ወስዶ የእኩል ማረስን የሚያውቅ ሰው ይህ ቶሎ ይገባዋል። ባለዘሩ ጤፍ ከሰጠ የሚዘራው ጤፍ ነው። አራሹ ገብስ ይሻለኛል ብሎ አይለውጠውም። ቤቱ ቢራብ እንኳ ዘሩን አስፈጭቶ እንጀራ አይጋግርበትም። ባለዘሩም ዘር የሚሰጠው መሬትና በሬ ላለው፣ ማረስ እንደሚችል ለታወቀ ሰው ነው። አውድማው ላይ ደግሞ መጥቶ ያያል። ግራንት ሰጪም እንደዚሁ ነው፤ የእሱ አውድማ ሪፖርቱና ኦዲቱ ነው። «ገንዘብ ስጡንና ሥራ እንጀምር» የሚል ማመልከቻ በሬም መሬትም ሳይኖር ዘር እንደመጠየቅ ነው። በሳምንት አንድ ቀን በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ አሥር አረጋውያንን ሰብስባችሁ ቡና እያፈላችሁ የምታጫውቱ ከሆነ ግን በሬ አላችሁ። ያንን ጻፉት።

አሁን ወደ ቢሊዮኖቹ ልምጣ። በጣም የሚያናድደኝ ስህተት እዚህ ላይ ነው።

አስተያየት ሰጪው የጠቀሱት ገንዘብ አለ። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት፣ ማለትም ኤንአይኤች፣ ለአልዛይመርና ለተዛማጅ የመርሳት በሽታዎች በዓመት ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሲያወጣ ቆይቷል። ግን ያ የምርምር ገንዘብ ነው። የሚሄደው ለዩኒቨርሲቲዎች፣ ለላቦራቶሪዎችና ለሆስፒታል ተመራማሪዎች ነው። አባባን ከቤት አምጥቶ ምሳ የሚያበላ፣ ልጃቸው ለአራት ሰዓት እንድትተኛ የሚያደርግ ማኅበር ከዚያ ሣጥን ሊወስድ አይችልም። ፕሮፖዛሉን የቱንም ያህል ጥሩ አድርጎ ቢጽፍ ለውጥ የለውም። ተመራማሪዎች ተሳታፊ እንድታገኙላቸው አጋር ሊያደርጓችሁ ይችላሉ። ያም ቢሆን ጥናቱ ሲያልቅ ያልቃል። የምርምር ሥነ ምግባር ፈቃድና የተሳታፊ ስምምነት የሚባለውም ጣጣ ቀላል አይደለም።

ለአገልግሎት የሚውለው ገንዘብ ሌላ ነው፤ መጠኑም ከምርምሩ ጋር አይወዳደርም። በፌዴራል ደረጃ አድሚኒስትሬሽን ፎር ኮሚዩኒቲ ሊቪንግ የተባለው መሥሪያ ቤት በመርሳት በሽታ ላይ ለሚሠሩ ክፍለ ግዛቶችና ድርጅቶች ግራንት ሲሰጥ ኖሯል። ውድድሩ ከባድ ነው። ከራስ ወገን መዋጮ፣ ማለትም ማቺንግ፣ የሚጠየቅበት ጊዜም አለ። በማርች 2025 ደግሞ መንግሥት ይህን መሥሪያ ቤት አፍርሶ ሥራውን ለሌሎች ክፍሎች እንደሚያከፋፍል አስታውቋል። ስለዚህ የቆየ መመሪያ ይዛችሁ እንዳትነሱ፤ ማስታወቂያው በወጣበት ጊዜ ያለውን አንብቡ።

ለትንሽ ማኅበር ይበልጥ የሚቀርበው በ1965 የወጣው የአረጋውያን ሕግ፣ ኦልደር አሜሪካንስ አክት፣ የሚያወርደው ገንዘብ ነው። ይህ ከፌዴራል ወደ ክፍለ ግዛት፣ ከዚያ ኤሪያ ኤጀንሲ ኦን ኤጂንግ ወደሚባሉት የአካባቢ ቢሮዎች ይደርሳል። በ2000 አስታማሚ ቤተሰቦችን የሚደግፍ ክፍል ተጨምሮበታል። ይህን የማያውቁ ብዙ ናቸው፦ አልዛይመር ወይም ተመሳሳይ በሽታ ያለበትን ሰው የሚያስታምም ቤተሰብ፣ ታማሚው 60 ዓመት ባይሞላውም፣ በዚህ ክፍል ሊታቀፍ ይችላል። ወደዚህ ገንዘብ የሚወስደው መንገድ በዋሽንግተን ትልቅ ማመልከቻ ማስገባት አይደለም። የካውንቲያችሁን ቢሮ ማወቅ፣ ስብሰባቸው ላይ መገኘት፣ ቀድሞ ውል ካለው ትልቅ ድርጅት ሥር ንዑስ ተቀባይ ሆኖ መግባት ነው። «በአማርኛ የሚያገለግል ሰው የለንም» የሚሉ ቢሮዎች አሉ። በሩ ያ ነው።

ሌላው ድብልቅልቅ ደግሞ የአገልግሎት ክፍያን ግራንት ብሎ መጥራት ነው። ሜሪላንድ ውስጥ የሕክምና ክትትል ያላቸው የአረጋውያን የቀን ማዕከላት ለሚመጣው ሰው በሜዲኬይድ፣ ማለትም ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው በሆነው የመንግሥት የጤና መድን፣ ይከፈላቸዋል። «እገሌ ማዕከል ግራንት አግኝቶ ነው» ሲባል ብዙ ጊዜ እውነቱ ይህ ነው። ከጁላይ 2024 ጀምሮ ደግሞ ሜዲኬር፣ በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የመንግሥት የጤና መድን፣ «ጋይድ» የሚባል የስምንት ዓመት ሙከራ ጀምሯል። መካከለኛ ወይም ከባድ ደረጃ ላይ ለደረሱና አስታማሚ ላላቸው ታማሚዎች ቤተሰቡ እረፍት እንዲያገኝ በዓመት እስከ 2,500 ዶላር ይሸፍናል። ተሳታፊዎቹ ለሜዲኬር የተመዘገቡ የጤና አገልግሎት ሰጪዎች ናቸው። እናንተ አጠገባችሁ ያለ ተሳታፊ ፈልጋችሁ አጋር ልትሆኑ ትችላላችሁ። ይህ ሁሉ ሠርተው የሚቀበሉት ክፍያ ነው። ሕጉም፣ ፈቃዱም፣ ኃላፊነቱም ከግራንት የተለየ ነው። ሁለቱን የሚያምታታ በጀት ገምጋሚ ፊት ሲቀርብ ወዲያው ይወድቃል።

አስተያየት ሰጪው «የአስተዳደር ወጪ የማይበላ ማኅበር ይሸለማል» የሚል ነገርም አክለዋል። በዚህ በፍጹም አልስማማም። በሬው ሳር ይበላል። ዘሩን ተቀብሎ በሬውን ጦም የሚያሳድር አራሽ እርሻው መሐል ላይ ይቆምበታል። ኪራይ፣ ኢንሹራንስ፣ ሒሳብ ሠራተኛ፣ መብራት፤ ይሄ ሁሉ የበሬው ሳር ነው። የፌዴራል መንግሥት እንኳ ይህን ያውቃል። ከመንግሥት ጋር የተደራደረበት የራሱ ተመን የሌለው ድርጅት ለተዘዋዋሪ ወጪ፣ ማለትም ለዚህ ሳር፣ ሊጠይቅ የሚችለውን ከ10 በመቶ ወደ 15 በመቶ ያደረገው ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ነው። ብዙ ትንንሽ ማኅበራት ግን ጨዋ ለመምሰል ዜሮ ብለው ይጽፋሉ። ከዚያ ሊቀመንበሩ ከኪሱ እየከፈለ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ይደክማል። አገር ቤት ያለ ድርጅት ጋር የምትሠሩ ደግሞ ይህን ከኢትዮጵያው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ጋር አታምታቱት። እዚያ የተቀመጠው 20 በመቶ ድርጅቱ ለአስተዳደር የሚያውለው ገንዘብ እንዳያልፈው የተደረገ ጣሪያ ነው። የአሜሪካው 15 በመቶ ሰጪው የሚከፍለው ነው።

ምሳሌዬ የማይሠራበትን ቦታም ልናገር። የመንግሥት ግራንት ብዙ ጊዜ ዘሩን ቀድሞ አይሰጥም። መጀመሪያ በራሳችሁ ዘር ትዘራላችሁ፤ ቡቃያው ሲታይ ደረሰኝ አቅርባችሁ ይመለስላችኋል። የጃንዋሪ ደሞዝ ማርች ላይ ሊመለስ ይችላል። የሦስት ወር ወጪ የሚችል መጠባበቂያ ወይም ከባንክ የተፈቀደ ብድር ሳይኖር እንዲህ ያለ ግራንት ማሸነፍ አደጋ ነው። ያሸነፉ ማኅበራት በዚህ ምክንያት ሲዘጉ አይቻለሁ። «የሚጽፍ ሰው ነው የጠፋው» ለሚሉት ትልቁ መልሴ ይህ ነው። ጽሑፉ ተሳክቶላቸው ነበር።

ስለ መርሳት በሽታ የሚጻፍ ማመልከቻ የራሱ ጥንቃቄዎች አሉት፤ ማንም ባይጠይቀኝም እነሱን ሳልናገር አላልፍም። መጀመሪያ፣ ቁጥሩ። በአሜሪካ በዕድሜ የገፉ ጥቁር አሜሪካውያን ከነጮች በእጥፍ ገደማ ለአልዛይመርና ለሌሎች የመርሳት በሽታዎች ይጋለጣሉ የሚል አኃዝ አለ። ማኅበሮቻችን ቀጥታ ገልብጠው ስለ ኢትዮጵያውያን ያደርጉታል። ጥናቱ ግን የተሠራው በአብዛኛው እዚሁ ተወልደው ባደጉ ሰዎች ላይ ነው። የጤና መረጃ እኛን ለይቶ ስለማይቆጥር የራሳችሁን ቁጥር ሰብስቡ፦ ስንት ቤተሰብ ጠየቀን፣ ስንቱ ምርመራ አግኝቷል፣ ስንቱ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ብቻ ይግባባል። አርባ ቤተሰብ በስነ ሥርዓት ተመዝግቦ ሲቀርብ ከሌላ ሕዝብ ከተወሰደ መቶኛ ይሻላል።

ቀጥሎ፣ ቃል የምትገቡት ነገር። «60 በመቶ ተሳታፊዎች ትውስታቸው ይሻሻላል» ብሎ የሚጽፍ አለ። እባካችሁ አትጻፉ። አልዛይመር እየባሰ የሚሄድ በሽታ ነው። ቡናና ጨዋታ ሰውን ያስደስታል፣ ቀኑን ያሳምርለታል፣ በሽታውን ግን አያቆመውም። ይህን የሚያውቅ ገምጋሚ ወረቀቱን ወደ ጎን ያስቀምጠዋል፤ የማያውቅ ደግሞ ገንዘቡን ሰጥቶ በዓመቱ መጨረሻ ያልተፈጸመ ቃል ይጠይቃችኋል። ሊለካ የሚችለው የአስታማሚው ጫና ነው። ለዚህ የዛሪት መጠይቅ የሚባል ለረጅም ጊዜ የተሠራበት መለኪያ አለ። በሳምንት ስንት ሰዓት እረፍት አገኘች፣ ታማሚው ስንት ጊዜ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሄደ፣ ቤተሰቡ ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ተስማማ ወይ፤ እነዚህም ይቆጠራሉ። «ይህን ያህል ሰው እንመረምራለን» ማለቱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የማስታወስ ፈተናዎች በቋንቋና በትምህርት ደረጃ ይወሰናሉ። ፊደል ያልቆጠሩ እናት በእንግሊዝኛ በተዘጋጀ ፈተና ዝቅ ያለ ነጥብ ቢያመጡ በሽታ አለባቸው ማለት አይደለም።

ተቀባይ ለመሆን «በሐኪም የተረጋገጠ ምርመራ» የሚጠይቅ ግራንትም ሲመጣ ቆም በሉ። በማኅበረሰባችን ብዙ ቤተሰብ ነገሩን «እርጅና ነው፣ ጃጅተው ነው» እያለ ዓመታት ያልፋሉ። ወረቀት ያላቸውን ብቻ ካገለገላችሁ ይበልጥ የተቸገሩትን ትተዋቸዋላችሁ። በሰጪው በኩል ግራንቱን የሚከታተለውን ሰው፣ ፕሮግራም ኦፊሰሩን፣ ደውላችሁ ጠይቁ። ቤተሰቡ በሚናገረው ምልክት መመዝገብ የሚፈቅዱ ሰጪዎች አሉ።

ፎቶ። ሰጪዎች ታሪክና ፎቶ ይወዳሉ። የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ግን ዛሬ ፈቅዶ ነገ አያስታውሰውም፤ ምን እንደፈቀደም ላይገባው ይችላል። በጤናቸው ጊዜ ነጠላቸውን ሳያስተካክሉ ከቤት የማይወጡ እናትን ግራ ተጋብተው፣ ልብሳቸው ተዛብቶ በዓመታዊ ሪፖርት ሽፋን ላይ ማውጣት በደል ነው። የቤተሰብ ፊርማ ብቻውን አይበቃም። ሰውየው ካሜራ ሲያይ ፊቱን ካዞረ መልሱ እምቢ ነው። እጅ ብቻ፣ የቡናው ረከቦት፣ አዳራሹ፤ የሚያሳይ ነገር አይጠፋም። ይህን በማመልከቻው ላይ መመሪያ አድርጋችሁ ብትጽፉት የሚያከብራችሁ ሰጪ ታገኛላችሁ።

የግል ፋውንዴሽኖችን በተመለከተ፣ በየዓመቱ 990-ፒኤፍ የሚባል ቅጽ ያስገባሉ፤ ለሕዝብም ክፍት ነው። ለማን ስንት እንደሰጡ እዚያ ላይ ተዘርዝሯል። ድረ ገጻቸው ላይ «አረጋውያንን እንደግፋለን» ብለው ዝርዝሩ ላይ ሆስፒታልና ዩኒቨርሲቲ ብቻ ካለ ጊዜያችሁን አትፍጁ። ለትንንሽ ማኅበራት የሰጡትን፣ በእናንተ ክፍለ ግዛት የሰጡትን፣ የሰጡት መጠን ከእናንተ በጀት ጋር የሚመጣጠነውን ፈልጉ። ብሩክዴል ፋውንዴሽን በቡድን ለሚሰጥ የአስታማሚ እረፍት መነሻ ገንዘብ ሲሰጥ ቆይቷል፤ የአሜሪካ አልዛይመር ፋውንዴሽንም ለአባል ድርጅቶቹ ግራንት ይሰጣል። ከሁለቱም ፊት ግን የከተማችሁን ኮሚዩኒቲ ፋውንዴሽን አስቀድሙ፤ ሰዎቹን በአካል ማግኘት ይቻላል።

አንዳንዱን ግራንት ደግሞ መተው ይሻላል። 5 ሺህ ዶላር ሰጥቶ ሦስት ሪፖርት፣ አንድ ጉብኝትና የተለየ ሒሳብ የሚጠይቅ ሰጪ አለ። በዚያ ሁሉ ሰዓት ከስንት ቤተሰብ ጋር መቀመጥ ይቻል እንደነበር አስሉት። ያንኑ ያህል ገንዘብ ከእድርና ከደብር አባላት ብታሰባስቡ ያልታሰረ ነው። ለኪራይም ለታክሲም ይውላል፣ ማንንም አታስፈቅዱም። ግን በደረሰኝ መዝግቡት፣ በባንክ አስገቡት። ነገ የካውንቲው ቢሮ ማቺንግ ሲጠይቃችሁ፣ ለዚያው ሥራ የዋለ ከሆነ፣ የምታቀርቡት እሱን ነው።