ገጣሚው፣ የባረቀው ጠመንጃ እና ቢራቢሮዎቹ፦ ስለ ሆሜሮ አሪድጂስ የሚሳቱ ነገሮች

አንድ የሜክሲኮ ደራሲ ጥሩ ስንባል አብዛኞቻችን አፍ ላይ የሚመጣው ኦክታቪዮ ፓዝ ነው። ጋብሪኤል ጋርሲያ ማርኬዝን የሚጠሩም አሉ፤ ሰውዬው ሜክሲኮ ሲቲ ኖሮ እዚያው ሞተ እንጂ ኮሎምቢያዊ ነው። እኔ ዛሬ የማወራው ስለ ሆሜሮ አሪድጂስ ነው። ገጣሚ ነው፣ ልቦለድ ጸሐፊ ነው፣ አምባሳደርም ነበር። ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ።

«ስሙ የግሪክ ነው፤ ሜክሲኳዊ አይደለም»

ስሙስ እውነትም የግሪክ ነው። አባቱ የመጣው በራእይ ዮሐንስ ላይ ሰምርኔስ ከተባለችው ከተማ አካባቢ ነው፤ የዛሬዋ የቱርክ ኢዝሚር ማለት ነው። በ1922 ከተማዋ ስትቃጠል ግሪኮቹ ተበተኑ። አባቱም ዞሮ ዞሮ ሜክሲኮ፣ ሚቾአካን ግዛት፣ ኮንቴፔክ የምትባል ትንሽ ከተማ ደረሰ። እዚያ ሜክሲኳዊት አገባ፣ አምስት ወንዶች ልጆች ወለደ። በ1940 የተወለደውን የመጨረሻውን ልጅ በጥንቱ ባለቅኔ በሆሜር ስም ጠራው። ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚባለው እንዲህ ሲገጥም ነው መሰለኝ። ልጁ ግን የተወለደው ሜክሲኮ፣ ያደገውም ሜክሲኮ፣ የሚጽፈውም በስፓኒሽ ነው።

«ከልጅነቱ ጀምሮ የመጽሐፍ ሰው ነበር»

አልነበረም። ወደ መጽሐፍ የወሰደው ጠመንጃ ነው። አሥር ዓመቱ ነው፣ ጥር 1951። ወንድሞቹ የሚያድኑበት ጠመንጃ ቤት ውስጥ ተቀምጧል። ወፎች ሲያልፉ አየና ሊተኩስባቸው አነሳው። ጠመንጃው ባረቀና ሆዱን መታው። ለጥቂት ነው የተረፈው። ማንበብ የያዘውና ግጥም መጻፍ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። በ24 ዓመቱ፣ በ1964፣ ሃቪየር ቪያውሩቲያ የተባለውን የሀገሩን ትልቅ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ወሰደ።

የሚገርመው ደግሞ ከአደጋው በፊት የነበረው ልጅነቱ ከአእምሮው ተሰውሮ መቆየቱ ነው። የተመለሰለት ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛ ሳለች፣ በሕልም ነው። በ1971 ያሳተመው የልጅነት ትዝታ መጽሐፍ የወጣው ከእነዚያ ሕልሞች ነው። ያኔ ማሕፀን ውስጥ የነበረችው ክሎኢ አድጋ ደራሲ ሆነችና መጽሐፉን ወደ እንግሊዝኛ የመለሰችው እሷው ናት።

«ልቦለዶቹ ስለ ሜክሲኮ ናቸው»

ሁሉም አይደሉም። በ1985 የወጣው በጣም የታወቀ ሥራው የሚያወራው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ስፔን ስለነበሩ አይሁዶች፣ ኢንኩዊዚሽን ስለሚባለው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የመናፍቃን ፍርድ ቤትና አይሁዶቹ በ1492 ከሀገሪቱ ስለ መባረራቸው ነው።

«ገጣሚ ቢጮህ ማን ይሰማዋል?»

ይህቺን እኔም አምናት ነበር። በመጋቢት 1985 አሪድጂስ የመቶ ያህል አርቲስቶችንና ምሁራንን ፊርማ አሰባስቦ የሜክሲኮ ሲቲ አየር እየገደለን ነው የሚል መግለጫ አወጣ። ከፈራሚዎቹ መካከል ፓዝ፣ ልቦለድ ጸሐፊው ሁዋን ሩልፎና ያው ጋርሲያ ማርኬዝ ነበሩ። የመቶዎቹ ቡድን የተባለው በዚህ ነው። ዝናቸውን አዋጥተው ጋዜጣ ላይ ጻፉ፣ ባለሥልጣን ነዘነዙ። ብዙም ሳይቆይ መንግሥት የአየሩን ሁኔታ በየቀኑ ለሕዝብ መናገር ጀመረ።

ቀጥሎ ቡድኑ ለባሕር ኤሊዎች ተነሳ። ኦአሃካ ግዛት፣ ማሱንቴ የባሕር ዳርቻ ላይ የኤሊ ቄራ ነበር፤ አዎ፣ ቄራ። እንቁላሉ ደግሞ ለወንድ ልጅ ኃይል ይሰጣል እየተባለ መጠጥ ቤት ይሸጥ ነበር። በ1990 ኤሊ መያዝም መሸጥም ተከለከለ። ከዚያ የጃፓኑ ኩባንያ ሚትሱቢሺና የሜክሲኮ መንግሥት በሽርክና ሳን ኢግናሲዮ ሐይቅ አጠገብ ግዙፍ የጨው ማምረቻ ሊያቆሙ ተነሱ። ቦታው ከባሕር ጋር የተያያዘ ነው፤ ግራጫ ዓሣ ነባሪዎች በየዓመቱ በብርድ ወራት መጥተው የሚወልዱበት። አሪድጂስ በ1995 ጋዜጣ ላይ ጻፈበትና ጉዳዩ ዓለም አቀፍ ሙግት ሆነ። በመጋቢት 2000 ፕሬዚዳንት ሴዲዮ ፕሮጀክቱን ሰረዙት። ብቻውን አደረገው ማለቴ አይደለም። ግን ዝም ቢል ኖሮስ?

«ቢራቢሮዎቹን ያገኟቸው ሳይንቲስቶች ናቸው»

በዚህችኛዋ እናደዳለሁ። ሞናርክ የሚባሉት ብርቱካንማ ቢራቢሮዎች ሲበርድ ከካናዳ አካባቢ ተነስተው ይሄዳሉ፤ የብርዱን ወራት የት እንደሚያሳልፉ ካናዳዊው ተመራማሪ ፍሬድ ኧርካርት ለዓመታት ሲፈልግ ኖሮ፣ ተባባሪዎቹ በ1975 ሚቾአካን ተራራ ላይ አገኟቸው። ዓለም «ተገኙ» አለ። ኮንቴፔክ ውስጥ ግን ማን ጠፍተውበት? ትንሹ ሆሜሮ ከቤታቸው በላይ ያለው አልታሚራኖ ተራራ ላይ እየወጣ ሲያያቸው ነው ያደገው። ብርድ ሲሆን ኦያሜል በሚባለው ዛፍ ላይ ተደራርበው ይሰፍራሉ፤ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ድረስ። ራቅ ብሎ ለሚያያቸው የደረቀ ቅጠል ይመስላሉ። ፀሐይ ስትነካቸው ቅጠሉ ተነስቶ ይበራል፤ ብዛታቸው የክንፍ ድምፅ ያሰማል። በእርግጥ የመንደሩ ሰው ከየት እንደሚመጡ አያውቅም ነበር። ካናዳዎቹ ደግሞ ወዴት እንደሚሄዱ አያውቁም። ሁለቱም የታሪኩን ግማሽ ግማሽ ይዘው ነበር።

አሪድጂስና ቡድኑ ከወተወቱ በኋላ በ1986 መንግሥት አምስት የቢራቢሮ ተራሮችን በአዋጅ ከለለ፤ አልታሚራኖ አንዱ ነው። በ2000 ክልሉ ወደ 56,000 ሄክታር ሰፋ። አዋጅ ግን መጥረቢያ አያስጥልም፤ ሕገወጥ ቆራጮች ከዚያም በኋላ አልጠፉም።

«የቢራቢሮዎቹ ጠበቃ ሆሜሮ ተገደለ አይደል?»

ያ ሌላ ሆሜሮ ነው። በጥር 2020 ጠፍቶ ከሁለት ሳምንት በኋላ አስከሬኑ ከጉድጓድ ውኃ የወጣው ኤል ሮሳሪዮ የተባለውን የቢራቢሮ መጠለያ ሲያስተዳድር የነበረው ሆሜሮ ጎሜስ ጎንሳሌስ ነው። ስምም ዓላማም ስለገጠመ ሁለቱን ማደባለቅ ቀላል ነው።

«ያው ቢራቢሮ ነው ሄዶ የሚመለሰው»

ይህቺ አሪድጂስን አትመለከትም፤ ግን ሁሌ ስለምጠየቅ ልጨምራት። በመጋቢት ከሚቾአካን የተነሳችው ቢራቢሮ መንገድ ላይ እንቁላል ጥላ ትሞታለች። በሰሜኑ የሙቀት ወራት የሚፈለፈሉት ደግሞ ዕድሜያቸው ሳምንታት ብቻ ነው፤ ትውልድ በትውልድ ላይ ይተካካል። በኅዳር መጀመሪያ፣ ሜክሲኮዎች ሙታናቸውን በሚያስቡበት ሰሞን፣ እስከ 4,000 ኪሎ ሜትር በርራ አልታሚራኖ ላይ የምታርፈው የዚያች የመጋቢቷ የልጅ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ልጅ ናት። ተራራውን ከዚያ በፊት አይታው አታውቅም።