«ኪዝ ኤንድ ኪን»፦ ዘመድ አዝማድ ወይስ ወዳጅ ዘመድ?

የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት «ኬ» ፊደል ላይ ኪን፣ ካይንድ፣ ኪንግ እና ኪዝ ብዙም ሳይራራቁ ይገኛሉ። ኪን ዘመድ ነው። ካይንድ ዓይነት፣ አለዚያም ደግ። ኪንግ ንጉሥ። ሦስቱ ይዛመዳሉ፤ ሥራቸው «ወገን» የሚል ትርጉም ካለው የጥንት ቃል ነው። ኪዝ ግን በመዝገበ ቃላቱ ገጽ ጎረቤታቸው እንጂ ዘመዳቸው አይደለም።

ኪዝ ዛሬ ለብቻው አይነገርም ማለት ይቻላል። የቀረው «ኪዝ ኤንድ ኪን» በሚለው አባባል ውስጥ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው፣ አፉን በእንግሊዝኛ የፈታውም ጭምር፣ ሁለቱንም «ዘመድ» ብሎ ያልፋቸዋል። የእኛ «ዘመድ አዝማድ» በርግጥ እንደዚያ ነው፤ አዝማድ በግዕዝ ዘመዶች ማለት ነው። ኪዝ ግን የመጣው «የታወቀ» ከሚል ቃል ነው። ዕውቀት፣ የትውልድ አገር፣ የሚተዋወቁ ሰዎች፣ ሁሉንም ይል ነበር። የዚያ ቃል ዘር «አንኩዝ» በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ውስጥም አለ። ድሮ «ያልታወቀ» ነበር፣ አሁን «ስድ፣ ባለጌ» ሆኗል። የማያውቁትን ሰው ባለጌ ማለት የፈረንጅ አመል ብቻ አይመስለኝም።

በ14ኛው ክፍለ ዘመን ዊሊያም ላንግላንድ በግጥሙ፣ ከኪዝና ከኪን ርቀው፣ ልብስ እንኳ ሳያምርባቸው ስለተንከራተቱ ጻድቃን ጽፏል። እዚያ ላይ «ከአገር ከወገን» ብንለው ይስማማል። ለዛሬው አነጋገር ግን «ወዳጅ ዘመድ» ልክክ ይላል። ኪዝን ለብቻው ካላችሁኝ «ያገር ልጅ» እላለሁ።

አባባሉ ፖለቲካ ውስጥ ሲገባ ግን ጠባዩ ይከፋል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1965 የብሪታኒያ ቅኝ ግዛት የነበረችው የሮዴዥያ (የዛሬዋ ዚምባብዌ) ነጮች በኢያን ስሚዝ መሪነት፣ ብዙኃኑን ጥቁር ሕዝብ ወደ ጎን ብለው ነጻነት አወጁ። ብሪታኒያ ጦር አላዘመተችም። ብሪታኒያ ውስጥ ብዙዎች ሰፋሪዎቹን «ኪዝ ኤንድ ኪን» እያሉ፣ በገዛ ወገን ላይ አይተኮስም ብለው ተከራከሩ። ሌላው ሕዝብ የማንም ወገን ያልሆነ ይመስል! በዲሴምበር መጀመሪያ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሚኒስትሮች አዲስ አበባ ተሰበሰቡ። ብሪታኒያ አመፁን እስከ ዲሴምበር 15 ካላስቆመች አባል አገሮች ግንኙነት እንዲያቋርጡ ወሰኑ። ውሳኔውን የፈጸሙት ሁሉም አባላት አልነበሩም፤ ታንዛኒያ ግን ቀኑ ሲደርስ አቋረጠች።