ካርቶኑ ላይ ያለው «1000 ዋት» ምንድን ነው?

መርካቶ ወርዳችሁ ኦርኪድ አበባ ቤት ውስጥ ለምታሳድጉበት ድንኳን የኤልኢዲ መብራት ስትጠይቁ «1000 ዋት» የሚል ካርቶን ሊገጥማችሁ ይችላል። አትደንግጡ፣ ቆጣሪያችሁ ያን ያህል አይቆጥርም። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ከድሮ አምፖል ጋር የተደረገ ንጽጽር ነው፤ እኔን ከጠየቃችሁ ገበያ ማድመቂያ። እውነተኛውን ለማወቅ ከጀርባው የተለጠፈውን አምፒር እዩ። 0.5 አምፒር በ220 ቮልት ሲባዛ 110 ዋት ገደማ ነው።

ለተክሉ ግን ዋት ብቻውን አይበቃም። ቅጠሉ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን የሚነግራችሁ ፒፒኤፍዲ የሚባለው ልኬት ነው። ፋላኖፕሲስ፣ ያ የተለመደው ኦርኪድ፣ ጥላ ወዳድ ነው፤ 100 ማይክሮሞል (የፒፒኤፍዲ መለኪያ) አካባቢ፣ በቀን ለ12 ሰዓታት ያህል ይበቃዋል። ቅጠሉ መቅላት ከጀመረ መብራቱን ወደ ላይ ሰቅላችሁ ከተክሉ አርቁት፤ አረንጓዴው በጣም ከጠቆረ ወደ ተክሉ አቅርቡት።