የስሌት ክብደትና ሐሳዊ የዘፈቀደ ቁጥሮች
በጅማ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማሩ ወጣቶችን ግራ ከሚያጋቡ ጥያቄዎች አንዱ፣ በተወሰነ ቀመር ብቻ የሚሠራ ማሽን እንዴት የዘፈቀደ ቁጥር ያወጣል የሚለው ነው። በእርግጥ ቀመሩ «ዘር» የተባለን አጭር የዘፈቀደ ቁጥር ተቀብሎ ያረዝመዋል እንጂ አዲስ ዘፈቀዳዊነት አይፈጥርም፤ ስለዚህ ውጤቱ ሐሳዊ ይባላል። ሆኖም ሐሳዊነቱን ለይቶ ማወቅ እጅግ ከባድ ስሌት የሚጠይቅ ከሆነ፣ አቅሙ ለተወሰነ ተመልካች ከእውነተኛው አይለይም።

ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1986 ሌኖር ብሉም፣ ማኑኤል ብሉምና ማይክል ሹብ ባሳተሙት ዘዴ፣ ለ4 ሲካፈሉ 3 የሚተርፋቸው ሁለት ግዙፍ ብቸኛ ቁጥሮች (ከ1ና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸው) ይባዛሉ፤ ከዚያም ዘሩ በራሱ እየተባዛ፣ ለዚያ ብዜት ተካፍሎ የሚተርፈው እንደገና በራሱ ይባዛል፣ ከእያንዳንዱ ዙርም የመጨረሻዋ ቢት (ቁጥሩ በ0ና በ1 ብቻ ሲጻፍ የመጨረሻዋ አሃዝ) ትወሰዳለች። እነዚህን ቢቶች ከእውነተኛ ዘፈቀደ በፍጥነት መለየት የቻለ ሰው፣ ብዜቱንም ወደ ሁለቱ አካፋዮቹ መበተን ይችላል። ይህ የመበተን ሥራ ከባድ መሆኑ ግን እስካሁን የሚታመን እንጂ የተረጋገጠ አይደለም።

ተራ የፕሮግራም ቋንቋዎች የሚሰጡት ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ መሠረት የለውም። መርሴን ትዊስተር የተባለው ታዋቂ ቀመር 624 ተከታታይ ውጤቶቹ ከታዩ ቀጣዮቹ በሙሉ ይታወቃሉ፤ ስለዚህ ለቡና ማኅበር አባላት ዕጣ የሚያወጣ ፕሮግራም በእርሱ ባይሠራ ይሻላል።