የሃይድሮጅን ተሸካሚ ምንድን ነው? ወጪውስ የት ላይ ይከብዳል?

ሃይድሮጅን በክብደት ሲለካ ከሚቃጠሉ ነዳጆች ሁሉ የላቀ ኃይል ይሰጣል፤ ከአንድ ኪሎ ግራም 33 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይገኛል። ችግሩ ጋዙ ቦታ መፍጀቱ ነው። በመርከብ ለመጫን ወይ በከፍተኛ ግፊት ማመቅ፣ ወይ ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ሴልሲየስ ድረስ አቀዝቅዞ ፈሳሽ ማድረግ ያስፈልጋል። ሦስተኛው መንገድ ከሌላ ንጥረ ነገር ጋር አዋህዶ መጫንና መድረሻው ላይ መልሶ መለየት ሲሆን፣ ይህ ንጥረ ነገር የሃይድሮጅን ተሸካሚ ይባላል።

እ.ኤ.አ. በ2020 ከብሩናይ ወደ ጃፓኗ ካዋሳኪ የተካሄደው የሙከራ ጭነት ጥሩ ማሳያ ነው። ሃይድሮጅኑ ብሩናይ ላይ ቶሉይን ከተባለ ፈሳሽ ጋር ተዋህዶ ሜቲልሳይክሎሄክሴን ይሆናል፤ ካዋሳኪ ላይ ሃይድሮጅኑ ተለይቶ ሲወጣ ቶሉይኑ ለሌላ ዙር ይመለሳል። ለስላሳ በሳጥን ገዝቶ ባዶ ጠርሙስ የመለሰ ሰው አሠራሩን ያውቀዋል፤ ልዩነቱ እዚህ ጠርሙሱ ከመጠጡ እጅግ መክበዱ ነው። ከ1 ቶን ሜቲልሳይክሎሄክሴን የሚገኘው ሃይድሮጅን 62 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሆን፣ የቀረው 938 ኪሎ ግራም ባሕር አቋርጦ የሚመለስ ባዶ ዕቃ ነው። ቢሆንም ፈሳሹ ማቀዝቀዣ ሳያሻው ነዳጅ በሚጓጓዝበት ዓይነት ዕቃ ስለሚሄድ፣ ከማጓጓዣው ይልቅ ትኩረት የሚሻው ማራገፊያው፣ ማለትም ሃይድሮጅኑን መልሶ መለየቱ ነው።

ሃይድሮጅኑ ከቶሉይኑ የሚላቀቀው ከ350 እስከ 400 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ቢያንስ 9.4 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ይህም ሃይድሮጅኑ ራሱ ከያዘው ኃይል 28 በመቶ ያህል ነው። ሌላ የሙቀት ምንጭ ጠፍቶ ከተለየው ሃይድሮጅን ላይ እየተቀነሰ የሚቃጠል ከሆነ፣ ከ100 ኪሎ ለገበያ የሚተርፈው 72 ብቻ ነው። አንዱ ኪሎ ወደብ ሲደርስ 100 ብር ወጥቶበታል ብንል፣ የመሣሪያው ወጪ ሳይታከል ወደ 139 ብር ያሻቅባል ማለት ነው። የሚያስቆጨው ደግሞ ቶሉይኑ ሃይድሮጅኑን ሲቀበል ያንኑ ያህል ሙቀት የሚለቅ መሆኑ ነው፤ ነገር ግን ያ ሙቀት የሚገኘው ኃይል በሚረክስበት ላኪ አገር ሲሆን፣ የሚፈለገው ኃይል በሚወደድበት ተቀባይ አገር ነው። ስለዚህ የተሸካሚ ዋጋ ግምት ሲቀርብልን አስቀድመን መጠየቅ ያለብን ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ ይመስለኛል። ከፋብሪካ የሚባክን ሙቀት አለ ቢባል እንኳ፣ 350 ዲግሪ የማይሞላ ከሆነ ብዙም አይጠቅምም።

አሞንያ በዚህ ረገድ ይሻላል። ከክብደቱ 17.6 በመቶው ሃይድሮጅን ነው፤ ናይትሮጅኑም ወደ አየር ስለሚለቀቅ የሚመለስ ባዶ ዕቃ የለውም፤ ለመለያየት የሚፈጀውም ቢያንስ ከሃይድሮጅኑ ኃይል 13 በመቶ ያህል ነው። ሆኖም የመኪና ነዳጅ ሴል (ሃይድሮጅንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው መሣሪያ) እጅግ ጥቂት የአሞንያ ቅሪት እንኳ ስለማይችል የማጣሪያ ወጪ ይጨመርበታል። ገዢው የማዳበሪያ ፋብሪካ ከሆነ ግን የሚፈልገው አሞንያውን ራሱን ስለሆነ ይህ ሁሉ ወጪ ይቀርለታል።

ሶዲየም ቦሮሃይድራይድ ደግሞ ሙቀት ሳይጠይቅ ከውሃ ጋር ሲገናኝ በካታሊስት (የኬሚካል ለውጥን በሚያፋጥን ንጥረ ነገር) እገዛ ሃይድሮጅን ይለቃል። የሚተወውን ቦሬት ወደ ቀድሞ ይዞታው መመለስ ግን ብዙ ኃይል ስለሚበላ፣ የአሜሪካ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት ያቋቋመው ገምጋሚ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2007 ይህን ዘዴ በተሽከርካሪ ላይ ለመጠቀም የሚደረገው ምርምር እንዲቆም መክሯል።